ኮምቢኔሽን ላይ ለምትስቱ፦ የመቁጠርና የፕሮባቢሊቲ ጥያቄዎችን ደረጃ በደረጃ መፍታት

ድሬዳዋ ከዚራ፣ አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቤ ሒሳብ አስጠናለሁ። ወረቀታቸውን ሳይ በየዓመቱ የሚገጥመኝ ያው ነው። ቀመሩ በትክክል ተጽፏል፣ ማባዛቱም ልክ ነው፣ መልሱ ግን ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም፤ ወይም ይባስ ብሎ አለ፣ ግን ማጥመጃው ነው። ስህተቱ የሚገባው ቀመሩ ከመጻፉ በፊት ስለሆነ እኛም ጊዜያችንን የምናጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ስለ አጻጻፉ፦ ቅደም ተከተሉ ሳይቆጠር ከ10 ነገር 3 የሚመረጥበትን የመንገድ ብዛት፣ ማለትም ኮምቢኔሽኑን፣ ኮ(10፣3) ብዬ እጽፋለሁ። ፊተኛው ቁጥር ጠቅላላው፣ ኋለኛው የሚመረጠው ነው። 5! ስል 5 ፋክቶሪያል ማለቴ ነው፤ 5×4×3×2×1 = 120።

ከመጀመራችሁ በፊት

ፋክቶሪያልን እስከ 7 በቃል ያዙ፦ 1፣ 2፣ 6፣ 24፣ 120፣ 720፣ 5040። 0! ደግሞ 1 ነው፤ ይህንን የረሳ ሰው ኋላ ደረጃ 5 ላይ ይወድቃል።

ከዚያ የፓስካልን ትሪያንግል በባዶ ወረቀት ላይ ራሳችሁ ሥሩ። እያንዳንዱ መስመር በ1 ይጀምርና በ1 ያልቃል፤ መሀል ያለው ቁጥር ከራሱ በላይ ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። ቢያንስ እስከዚህ ድረስ ውረዱ፦

የ5 መስመር፦ 1፣ 5፣ 10፣ 10፣ 5፣ 1
የ6 መስመር፦ 1፣ 6፣ 15፣ 20፣ 15፣ 6፣ 1
የ7 መስመር፦ 1፣ 7፣ 21፣ 35፣ 35፣ 21፣ 7፣ 1
የ8 መስመር፦ 1፣ 8፣ 28፣ 56፣ 70፣ 56፣ 28፣ 8፣ 1

ኮ(8፣3) ስትፈልጉ የ8ን መስመር ያዙ፣ ከ0 ጀምራችሁ ቁጠሩ፦ 0 ላይ 1፣ 1 ላይ 8፣ 2 ላይ 28፣ 3 ላይ 56። ከ1 ጀምሮ የሚቆጥር ተማሪ 28 ብሎ ይጽፋል። ፈተና አዳራሽ ገብታችሁ ይህንን ለመሥራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ካልኩሌተር በሌለበት ደግሞ ብዙ ማባዛት ያድናል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን አራት መስመር አድርጉት

ምንም ነገር ከማስላታችሁ በፊት የወረቀቱ ጥግ ላይ እነዚህን ጻፉ፦

ሀ) ጠቅላላው ስንት ነው?
ለ) ስንት ይመረጣል?
ሐ) ጠቅላላው በምድብ የተከፈለ ነው? (ሴትና ወንድ፣ ጤነኛና የተበላሸ)
መ) አንዴ የተመረጠው ተመልሶ ሊመረጥ ይችላል?

መ ላይ መልሱ «አዎ» ከሆነ ተራውን ኮምቢኔሽን አትንኩ። ለምሳሌ ምስር፣ ሥጋና ድንች ካላቸው ሦስት ዓይነት ሳምቡሳዎች 4 ፍሬ ስትገዙ አራቱንም ምስር ማድረግ ትችላላችሁ። ኮ(3፣4) ብሎ የጀመረ ተማሪ አይቻለሁ፤ ከ3 ነገር 4 ሊመርጥ! እንዲህ ያለውን በነጥብና በዘንግ ሥሩት። 4 ነጥብ ለሳምቡሳዎቹ፣ ዓይነቶቹን የሚለዩ 2 ዘንጎች፣ በድምሩ 6 ቦታ። ዘንጎቹ የሚቆሙበትን 2 ቦታ መምረጥ ኮ(6፣2) = 15 ነው።

ደረጃ 2፦ አለዋውጣችሁ እዩ

ከመረጣችኋቸው ሁለቱን ቦታ አለዋውጡ። የሆነ ነገር ተቀየረ? ካልተቀየረ ኮምቢኔሽን ነው። ከተቀየረ ቅደም ተከተል ይቆጠራል፣ ፐርሙቴሽን ነው።

ሐረር ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር እና ፈላና በር። (ስድስተኛው፣ ሐረር በር፣ ኋላ የተከፈተ ስለሆነ እንተወው።) አሁን ሦስት ሰዎች ሦስት ነገር ይጠይቁናል።

አንደኛው «ከአምስቱ ሁለቱን ፎቶ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ስንት ምርጫ አለኝ?» ይላል። ሸዋ በርና ቡዳ በር፣ ወይም ቡዳ በርና ሸዋ በር ቢል ያው ሁለት ፎቶ ነው። ኮ(5፣2) = 10።

ሁለተኛው «በአንዱ ገብቼ በሌላው እወጣለሁ» ይላል። በሸዋ በር ገብቶ በኤረር በር መውጣት፣ በኤረር በር ገብቶ በሸዋ በር ከመውጣት ይለያል፤ መንገዱም የሚያልፍበት ገበያም ሌላ ነው። 5×4 = 20።

ሦስተኛው «በገባሁበትም ልወጣ እችላለሁ» ካለ 5×5 = 25።

ቁጥሮቹ አንድ ናቸው፣ 5 እና 2፤ መልሶቹ ግን ሦስት። ስለዚህ ቁጥሮቹን አይታችሁ ወደ ቀመር አትሩጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ምረጡ» የሚለውን ቃል አትመኑት። «ከ10 ተማሪ 3 ተወካይ ምረጡ» ሲባል ኮ(10፣3) = 120 ነው። «ከ10 ተማሪ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ምረጡ» ሲባል ግን ሊቀመንበሩና ገንዘብ ያዡ ቢለዋወጡ ኮሚቴው ሌላ ኮሚቴ ነው (ገንዘቡን ማን እንደያዘ ጠይቁ)። 10×9×8 = 720። ሁለተኛው የመጀመሪያውን 6 እጥፍ ነው፣ 6 ደግሞ 3! ነው። ይህንን ዝምድና አስታውሱት፣ ኋላ ስህተት ለማደን ይጠቅማል።

ደረጃ 3፦ አስሉ፣ ግን ከማባዛታችሁ በፊት አጣፉ

1. የሚመረጠው ከግማሽ በላይ ከሆነ ገልብጡት። ከ12 ሰው 10 መምረጥ የሚቀሩትን 2 ከመምረጥ አይለይም። ኮ(12፣10) = ኮ(12፣2) = 66።
2. ከላይ፣ ከጠቅላላው ጀምራችሁ ወደ ታች ቁጠሩ፤ የሚመረጠውን ያህል ቁጥር ብቻ።
3. ከታች፣ ከሚመረጠው ጀምራችሁ እስከ 1 ጻፉ።
4. አጣፉ። ከዚያ አባዙ።

ኮ(12፣4)፦ ከላይ 12×11×10×9፣ ከታች 4×3×2×1። የታቹ 4×3 ከላዩ 12 ጋር ይጠፋፋል። 2 ከ10 ጋር ተጣፍቶ 5 ይቀራል። 11×5×9 = 495። 12!ን ለማስላት የተነሳ ተማሪ አሁንም እያባዛ ነው።

ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ላይም ታችም እኩል ብዛት ያላቸው ቁጥሮች መኖር አለባቸው፤ እዚህ አራት አራት። ብዙ ሰው 12−4 = 8 ስለሆነ ከላይ 8ንም ጨምሮ ይጽፋል፣ ያኔ አምስት ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ መልሱ ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ነው። ሰው በክፍልፋይ አይመረጥም። የታቹ አልጠፋ ካላችሁ ስህተት አለ ማለት ነው፤ ወደ ተራ ቁጥር 2 ተመለሱ።

ደረጃ 4፦ ሁኔታ ሲጨመር

አንድ የጥናት ቡድን 7 ሴቶችና 5 ወንዶች አሉት። ለጥያቄና መልስ ውድድር ሐረር የሚሄዱ 4 ልጆች ይመረጡ ተባለ። ያለ ሁኔታ ከሆነ ከላይ ያየነው 495 ነው።

«2 ሴት እና 2 ወንድ» ከተባለ «እና» ማለት ማባዛት ነው፦ ኮ(7፣2)×ኮ(5፣2) = 21×10 = 210። እዚህ ጋ አጭር ፍተሻ አለች፦ ፊተኞቹን ቁጥሮች ደምሩ፣ 7+5 = 12፤ ኋለኞቹን ደምሩ፣ 2+2 = 4። ጠቅላላውንና የሚመረጠውን ካልሰጧችሁ አንድ ምድብ ረስታችኋል ወይም አንድ ሰው ሁለቴ ቆጥራችኋል።

«ወይ ሁሉም ሴት ወይ ሁሉም ወንድ» ከተባለ ደምሩ፦ ኮ(7፣4)+ኮ(5፣4) = 35+5 = 40። መደመር የሚሠራው ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሊሆኑ የማይችሉ ከሆነ ብቻ ነው።

«አንዷ የግድ ትሂድ» ከተባለ ልጅቷን አስቀድማችሁ አስቀምጧት። አንድ ወንበር ተያዘ፣ አንድ ሰው ከዝርዝሩ ወጣ፦ ኮ(11፣3) = 165። ሁለቱንም ቁጥር ቀንሱ፤ አንዱን ብቻ ቀንሶ ኮ(12፣3) ወይም ኮ(11፣4) መጻፍ የተለመደ ነው።

«እነዚህ ሁለቱ ተኳርፈዋልና አብረው አይሂዱ» ከተባለ ደግሞ አብረው የሚሄዱበትን ቁጠሩና አውጡት። ሁለቱን አስቀምጡ፣ ከቀሩት 10 ሁለት ምረጡ፣ ኮ(10፣2) = 45። 495−45 = 450።

ደረጃ 5፦ «ቢያንስ» ሲመጣ ቁሙ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ፤ ብዙ ውጤት የሚጠፋው በዚህች አንዲት ቃል ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ቅርጫት ውስጥ 12 ማንጎ አለ፤ 4ቱ ውስጣቸው ተበላሽቷል፣ ከላይ ሲያዩዋቸው ግን አይለዩም። ነጋዴዋ ሳትመርጥ 3 አንስታ ፌስታል ውስጥ ከተተች። ቢያንስ አንድ የተበላሸ የመኖሩ ዕድል (ፕሮባቢሊቲ፤ የተፈለገው ብዛት ለጠቅላላው ሲካፈል) ስንት ነው?

አንድ ቀን ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ስሠራ እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። «አንድ የተበላሸ እናስቀምጥ፣ ኮ(4፣1)፤ ከዚያ ከቀሩት 11 የፈለግነውን ሁለት እንጨምር፣ ኮ(11፣2)» ብዬ 4×55 = 220 ጻፍኩ። ከታች ጠቅላላው ኮ(12፣3) = 220። ከኋላ አንዲት ልጅ «አቦ ቲቸር፣ እናቴ ቀፊራ ገበያ ፍራፍሬ ነው የምትሸጠው። በእርስዎ ሒሳብ ከሆነ አንድም ጤነኛ ፌስታል ሸጣ አታውቅም» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። 220 ለ220 ማለት 1 ነው፤ የተበላሸ መኖሩ የግድ ነው እንደማለት። 8 ጤነኛ ማንጎ እያለ!

ምን ተፈጠረ? ሁለቱን የተበላሹ ማንጎዎች «ሀ» እና «ለ»፣ አንዱን ጤነኛ «ሰ» እንበላቸው። ሀን አስቀድሜ ለ እና ሰን ስጨምር አንድ ፌስታል አገኘሁ። ለን አስቀድሜ ሀ እና ሰን ስጨምርም ያንኑ ፌስታል አገኘሁ፣ ግን ሌላ አድርጌ ቆጠርኩት። ሁለት የተበላሸ ያለበት ፌስታል ሁሉ ሁለቴ፣ ሦስት ያለበት ሦስቴ ተቆጥሯል።

ትክክለኛው አሠራር፣ መጀመሪያ ጉዳዮቹን ዘርዝሩ፦

0 የተበላሸ፦ ኮ(4፣0)×ኮ(8፣3) = 1×56 = 56
1 የተበላሸ፦ ኮ(4፣1)×ኮ(8፣2) = 4×28 = 112
2 የተበላሸ፦ ኮ(4፣2)×ኮ(8፣1) = 6×8 = 48
3 የተበላሸ፦ ኮ(4፣3)×ኮ(8፣0) = 4×1 = 4

ድምሩ 220 ነው፣ ከጠቅላላው ጋር ገጥሟል። የእኔን ስህተትም አሁን ማየት ትችላላችሁ፦ 112 አንዴ፣ 48 ሁለቴ፣ 4 ሦስቴ ስንቆጥር 112+96+12 = 220። መግጠሙ የአጋጣሚ ነገር ነው፣ ያታለለኝም እሱ ነው።

ከዚያ ከጥያቄው ጋር የሚሄዱትን መስመሮች ቁጠሩ። «ቢያንስ 1» ሦስት መስመር ነው፣ ተቃራኒው አንድ። አጭሩን ያዙ፦ 220−56 = 164፣ ዕድሉም 164/220 = 41/55። «ቢያንስ 2» ከተባለ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ መቀነስ አያስፈልግም፤ 48+4 = 52፣ ዕድሉ 52/220 = 13/55። «ቢበዛ 1» ደግሞ 56+112 = 168፣ ዕድሉ 42/55። «ቢያንስ» ባያችሁ ቁጥር ሁሉ ከ1 ቀንሱ የሚል ምክር ትሰማላችሁ፤ እኔ አልስማማም። መስመሮቹን ጻፉና የሚያንሰውን ምረጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የ«ቢያንስ 2» ተቃራኒ «0 ወይም 1» ነው። 0ውን ብቻ የሚቀንስ ብዙ ነው።

ደረጃ 6፦ ቡድን ስትከፍሉ ስም አለው ወይ?

6 ጓደኛሞች በሁለት ባጃጅ ሦስት ሦስት ሆነው ይሳፈራሉ (ሾፌሩ ጎን የሚለጠፈውን ትርፍ ሰው ለጊዜው እንርሳው)። አንዱ ባጃጅ ወደ ሳቢያን፣ ሌላው ወደ ገንደ ቆሬ የሚሄድ ከሆነ የሳቢያኖቹን መምረጥ በቂ ነው፦ ኮ(6፣3) = 20። ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ የሚሄዱና ባጃጆቹ የማይለዩ ከሆኑ ግን ቡድኖቹ ቢለዋወጡ ያው ስለሆነ በ2! አካፍሉ፤ 10።

የማካፈሉ ሥራ እኩል ለሆኑና ስም ለሌላቸው ቡድኖች ብቻ ነው። 4 እና 2 ሆነው ቢከፈሉ ቡድኖቹ በብዛታቸው ራሳቸውን ይለያሉ፤ ኮ(6፣2) = 15፣ አበቃ።

ደረጃ 7፦ ወደ ፕሮባቢሊቲ ስትሻገሩ

ከታች ጠቅላላውን፣ ከላይ የተፈለገውን ጻፉ። ሁለት ሕግ ጠብቁ።

አንደኛው፣ ላይና ታች በአንድ መንገድ ይቆጠሩ። ከታች ኮምቢኔሽን፣ ከላይ ቅደም ተከተል ካደረጋችሁ ብር በኪሎ እንደመመዘን ነው። ሁለቱንም በቅደም ተከተል ብትሠሩት ግን መልሱ አይለወጥም፣ ለፍተሻም ይሆናል፦ ሦስቱም ማንጎ ጤነኛ የመሆኑ ዕድል በኮምቢኔሽን 56/220 = 14/55 ነው። አንድ በአንድ እያነሳችሁ ብትሄዱ 8/12 × 7/11 × 6/10 = 336/1320፣ ሲቃለል 14/55።

ሁለተኛው፣ ከታች የምትጽፉት የሚቆጥራቸው ነገሮች ሁሉ እኩል ዕድል ያላቸው መሆን አለባቸው። ሳንቲም 4 ጊዜ ቢወረወር 2 ጊዜ አንበሳ የመውጣቱ ዕድል ስንት ነው? «0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፤ አምስት ውጤት ስለሆነ 1/5» የሚል መልስ ይመጣል። እነዚያ አምስቱ እኩል አይደሉም። እኩል የሆኑት 16ቱ (2×2×2×2) የውርወራ ተከታታዮች ናቸው፤ አንበሳ የሚወጣባቸውን 2 ቦታ ከ4 መምረጥ ኮ(4፣2) = 6። መልሱ 6/16 = 3/8። በዚሁ ምክንያት የሳምቡሳውን 15 የዕድል ጥያቄ ታች አታስቀምጡት፤ ዓይነቱ በዘፈቀደ ከተነሳ 15ቱ እኩል ዕድል የላቸውም።

አሁን ወደ ባጃጆቹ ልመልሳችሁ። 6ቱ በዕጣ ቢሳፈሩ እናንተና የቅርብ ጓደኛችሁ አንድ ባጃጅ ውስጥ የመሆናችሁ ዕድል ስንት ነው? «ወይ አብረን ነን ወይ አይደለንም፣ ግማሽ» የሚለው መልስ ስህተት ነው። ሁለታችሁ ሳቢያን ከሆናችሁ ሦስተኛውን ከቀሩት 4 እንመርጣለን፣ 4፤ ገንደ ቆሬም 4። 8/20 = 2/5። ለማመን ከከበዳችሁ እናንተ ቁጭ በሉ፤ ለጓደኛችሁ የቀሩት ወንበሮች 5 ናቸው፣ ከእናንተ ጋር ያሉት 2።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ዕድሉ ከ1 በላይ ወጣ? ላይኛው ውስጥ ድርብ ቆጠራ አለ፣ ወይም ላይ ቅደም ተከተል ታች ኮምቢኔሽን ሆኗል። ወደ ደረጃ 5 ዝርዝር ተመለሱ።

መልሳችሁ ከትክክለኛው ልክ 2፣ 6 ወይም 24 እጥፍ ሆነ? እነዚህ ፋክቶሪያሎች ናቸው። ደረጃ 2ን ዘላችኋል፣ ወይም ደረጃ 6 ላይ ማካፈል ረስታችኋል። ልክ ግማሽ ወይም አንድ ስድስተኛ ከሆነ ተቃራኒው ነው፦ ስም ያለውን ነገር ስም እንደሌለው ቆጥራችኋል።

የጉዳዮቹ ድምር ከጠቅላላው ጋር አልገጥም አለ? ብዙውን ጊዜ የ0 መስመር ተረስቷል፣ ወይም ኮ(4፣0) 0 ተብሎ ተጽፏል። ምንም አለመምረጥ አንድ መንገድ አለው፤ 1 ነው።

ጭራሽ ከየት እንደምትጀምሩ ጠፋችሁ? ጥያቄውን አሳንሱት። 12ቱን ማንጎ 4 አድርጉት፣ 2ቱ የተበላሹ ይሁኑ፣ 2 ይነሳ። ስም ሰጥታችሁ ስድስቱንም ጥንዶች በእጃችሁ ጻፉ፣ ቁጠሩ፣ ከዚያ ያሰባችሁት ዘዴ ያንኑ ቁጥር ይሰጥ እንደሆነ እዩ። በትንሹ ያልሠራ ዘዴ በትልቁ አይሠራም። ማንጎውን ሰሌዳ ላይ ያበላሸሁ ዕለት ይህንን ባደርግ ኖሮ ኮ(2፣1)×ኮ(3፣1) = 6 ወጥቶ፣ ከስድስቱ ጥንዶች ግን አንዷ ሁለቱንም ጤነኞች የያዘች መሆኗን ወዲያው አይ ነበር።

ለራሳችሁ ሞክሩ

1. ከረጢት ውስጥ 5 ነጭና 4 ጥቁር ብይ አለ። 3 በአንዴ ቢወጣ ቢያንስ አንድ ጥቁር የመኖሩ ዕድል?
2. ከ9 ሰው 5 ይመረጣል፤ አንድ የተወሰነ ሰው ግን መሄድ አይችልም። በስንት መንገድ?
3. 8 ተማሪዎች ለጥናት ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። በስንት መንገድ?

መልስ፦ 1) ጠቅላላው ኮ(9፣3) = 84፣ ጥቁር የሌለበት ኮ(5፣3) = 10፣ ስለዚህ 74/84 = 37/42። 2) ሰውዬውን ከዝርዝሩ አውጡት፣ የሚመረጠውን አትንኩ፦ ኮ(8፣5) = 56። 3) ኮ(8፣2)×ኮ(6፣2)×ኮ(4፣2)×ኮ(2፣2) = 28×15×6×1 = 2520፤ አራቱ ጥንዶች ስም ስለሌላቸው በ4! = 24 ሲካፈል 105። ሦስተኛው ላይ 2520 ብላችሁ ያቆማችሁ ደረጃ 6ን እንደገና አንብቡ፤ 105 ያገኛችሁ ደግሞ 7×5×3×1 ለምን ያንኑ እንደሚሰጥ አስቡበት፣ የሚቀጥለው ጥያቄዬ እሱ ነው።